ፎሶሊያና ካሮት በፍሪዘር አቆይቶ መሸጥ፦ ከመቂ ጆንያ እስከ ሆቴል ማዕድ ቤት

ሰበታ፣ አለም ገና፣ ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ ላይ አንድ ክፍል ቤት፣ ንጹሕ ውሃና ሁለት ዲፕ ፍሪዘር ያለው ሰው ይህን ሥራ መጀመር ይችላል። የሁዳዴ 55 ቀን ሲገባ ፎሶሊያ በካሮት የማይፈልግ ምግብ ቤት የለም፤ ታጥቦና ተከትፎ የሚመጣለትን ደግሞ ማንም ምግብ አብሳይ ይወዳል። ሥራውን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ የቤት ዲፕ ፍሪዘር የተሠራው በረዶ የሆነውን ለማቆየት መሆኑን መርሳት። ትኩሱን ቶሎ በረዶ የማድረግ አቅሙ ትንሽ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የፍሪዘሩን አቅም አስሉ። በ24 ሰዓት ውስጥ ለእያንዳንዱ 28 ሊትር የፍሪዘር ቦታ ከ900 ግራም እስከ 1 ኪሎ ከ350 ግራም ያህል አትክልት ብቻ ማስገባት ይቻላል። ባለ 300 ሊትሩ ፍሪዘር በቀን የሚችለው ከ10 እስከ 14 ኪሎ ነው ማለት ነው። 40 ኪሎ ከሞላችሁበት አትክልቱ ከዜሮ እስከ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ባለው መሀል ለረጅም ሰዓት ይቆያል። ያኔ በውስጡ ያለው ውሃ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት እየሠራ የአትክልቱን የሴል ግድግዳ ይቀደዋል፤ ሲቀልጥ ውሃው ይፈስሳል፣ ፎሶሊያውም እንደ ጎማ ይለመጣል። ቶሎ በረዶ ከሆነ ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሚሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው። አንዱን ፍሪዘር በረዶ ለማድረጊያ፣ ሌላውን ለማቆያ ብቻ መድቡ፤ አዲስ የገባው አትክልት የቆየውን ዕቃ እንዳያሞቀው።

ግዢ

የመቂና የዝዋይ ፎሶሊያ በአይሱዙ ሌሊት ተጉዞ ሊነጋ ሲል ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ያለው አትክልት ገበያ ይደርሳል። ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አይታችሁ አትግዙ። እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ወደ ጆንያው መሀል ስደዱት፤ ሞቅ ካላችሁ ተዉት። የተለቀመ ፎሶሊያ ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይብስ ይተነፍሳል፤ መሀሉ የሞቀ ጆንያ ጣዕሙን መንገድ ላይ ጨርሶታል። ከዚያ አንዱን ሰበር አድርጉ፦ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ከታጠፈ ጠውልጓል፤ ፍሬው በልጣጩ ላይ ጎልቶ ከታየ አርጅቷል፣ ምንም ብታደርጉለት ክር ክር ይላል።

በአቃቂ ወንዝ የሚጠጣ ማሳ ላይ የበቀለ ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት በርካሽ ይገኛል። አትንኩት። ወንዙ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀበላል፤ የፈላ ውሃ ተሕዋስን ይገድላል እንጂ ከባድ ብረት የሚባለውን መርዛማ ማዕድን አያወጣም። ደላላው «የት ነው የበቀለው?» ስትሉት ከተርበተበተ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ማጠብና መክተፍ

በ10 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ሽታ የሌለው፣ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና ጨምሩና አትክልቱን ለሁለት ደቂቃ ያህል እያገላበጣችሁ እጠቡት፤ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። በረኪናው ላይ የተጻፈው መጠን ሌላ ከሆነ ሒሳቡን ቀይሩ። ፎሶሊያ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ካሮት 1 ሳንቲ ሜትር በሁሉም ጎን። መጠኑ ከተለያየ ትንሹ ሲበስል ትልቁ ጥሬ ይቀራል።

መገንፈል

ይህ ደረጃ አይዘለልም፤ ሙያተኞች ብላንች ይሉታል። አትክልት ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች (ቀለሙንና ጣዕሙን ቀስ በቀስ የሚለውጡ ንጥረ ነገሮች) ፍሪዘር ውስጥም ቀስ ብለው ይሠራሉ፤ ካልሞቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ የድርቆሽ ሽታ ይመጣል። በግማሽ ተገንፍሎ የወጣ ደግሞ ጭራሽ ካልተገነፈለው የባሰ ነው፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ሳይገድል ያነቃዋል።

ለ1 ኪሎ አትክልት 8 ሊትር የሚንተከተክ ውሃ ያስፈልጋል። አትክልቱን በማጥለያ ስታስገቡ ውሃው በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንደገና መፍላት አለበት፤ ካልፈላ አብዝታችኋል። ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው እንደገና ሲፈላ ነው። በብዙ መመሪያ ላይ የምታገኙት ደቂቃ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ መሆኑን አትርሱ። እዚህ ዙሪያ ውሃ የሚፈላው ከ91 እስከ 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ አንድ ደቂቃ ይጨመራል። ፎሶሊያ 4 ደቂቃ፣ የተከተፈ ካሮት 3፣ ቆስጣ 3፣ የተፈለፈለ እሸት አተር 2 ደቂቃ ተኩል።

መብቃቱን ለማወቅ ከመድኃኒት ቤት 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ግዙ። የተገነፈለውን ፎሶሊያ ቁረጡና ቁራጩ ላይ ሁለት ጠብታ ጣል አድርጉ። ነጭ አረፋ ቡልቅ ካለ ኢንዛይሙ አልሞተም፤ ጊዜ ጨምሩ። ዝም ካለ ጥሩ ነው። የሞከራችሁበትን ቁራጭ ጣሉት። ከእያንዳንዱ አዲስ ጭነት አንድ ሁለት ቁራጭ ሞክሩ፤ የዛሬው ፎሶሊያ ከትናንቱ ሊወፍር ይችላል።

ማብረድና ማድረቅ

ከእሳት እንደወጣ 15 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ የመገንፈያውን ያህል ደቂቃ ይቆይ። በመጋቢትና በሚያዝያ የቧንቧ ውሃ ብቻውን አይበቃም፤ ለ1 ኪሎ አትክልት 1 ኪሎ በረዶ ከዋዜማው አዘጋጁ። ቁራጩን በጥርስ ነክሳችሁ መሀሉ መቀዝቀዙን እዩ። ከዚያ በማጥለያ አንጠፍጥፉ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ፊቱ እስኪደርቅ ቬንትሌተር ክፈቱበት። ውሃ የቀረበት አትክልት ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ለበረዶም ደንበኛ ገንዘብ አይከፍልም፣ መክፈልም የለበትም።

ትሪ ላይ በአንድ ረድፍ በትኑትና ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ትሪውን ስትነቀንቁት እንደ ጠጠር መንኳኳት ሲጀምር ቶሎ በወፍራም ፕላስቲክ አሽጉ። አየሩን በደንብ አስወጡ፤ አየር የቀረበት ከረጢት ውስጥ አትክልቱ ይነጣል፣ ይደርቃል። ፎሶሊያና ካሮት ለየብቻ በረዶ ከሆኑ በኋላ ነው የሚደባለቁት፤ የመገንፈያ ጊዜያቸው አንድ አይደለም።

ወለሉንና የውሃ መውረጃውን በየቀኑ እጠቡ፣ አድርቁ። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ እርጥብና ቀዝቃዛ ቦታ ይወዳል፣ ፍሪዘርም አይገድለውም። በአውሮፓ ከ2015 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ከፍሮዝን በቆሎና አትክልት ጋር በተያያዘ ወረርሽኝ 47 ሰዎች ታመው 9 ሞተዋል። ከረጢቱ ላይ «አብስለው ይጠቀሙ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ።

መብራት ሲጠፋ

ሙሉ ፍሪዘር ክዳኑ ሳይከፈት እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ሌሊት ጠፍቶ የመጣውን ለማወቅ አንድ ኩባያ ውሃ በረዶ አድርጉና ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ጠዋት ሳንቲሙ ሰጥሞ ከታች ከተገኘ ዕቃው ቀልጦ እንደገና በረዶ ሆኗል፤ ለሽያጭ አይሆንም። በትክክል ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ከቆየ ከ8 እስከ 12 ወር ይሆናል፤ መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ግን 6 ወር ብላችሁ ብትጽፉ ይሻላል።

ዋጋ፣ ፈቃድና ማድረስ

ዋጋ የሚወጣው በተገዛው ኪሎ አይደለም፣ በወጣው ኪሎ ነው። ለምሳሌ 10 ኪሎ ካሮት ኪሎውን በ50 ብር ገዝታችሁ ልጣጩና ጫፉ ተነሥቶ 8 ኪሎ ከቀረ፣ አንዱ ኪሎ ገና ሳይገነፈል 62 ብር ከ50 ሆኗል። እሸት አተር ከነገለባው ከተገዛ ከግማሽ በታች ነው የሚተርፈው። በዚህ ላይ ጋዝ፣ በረዶ፣ መብራት፣ ከረጢትና የሰው ጉልበት ይጨመራል። ለአንድ ሳምንት ሁሉንም በሚዛን መዝግቡ፤ የራሳችሁ ቁጥር ይወጣል።

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ የንግድ ፈቃዱን የምትጠይቁት እዚያ ነው። የምግብ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ስለሚወድቅ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪውን መስፈርት ክፍሉን ከማደሳችሁ በፊት ጠይቁ። ከረጢቱ ላይ የምርቱ ስም፣ የተጣራ ክብደት፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የማስቀመጫ ሙቀትና አድራሻ ይኑር።

ስታደርሱ ዕቃውን ፎም ሳጥን ውስጥ ክፍተት ሳትተዉ አጠጋግታችሁ ደርድሩ፤ የተጠጋጋ በረዶ ራሱን ይጠብቃል። ተራ የውሃ በረዶ ሲቀልጥ ዜሮ ዲግሪ ስለሆነ ብዙ አይረዳችሁም። ሆቴሉ በር ላይ ቴርሞሜትሩን በሁለት ከረጢቶች መሀል አስገብታችሁ ጥቂት ደቂቃ ያዙ። ከዜሮ በታች 15 ወይም ከዚያ የቀዘቀዘ ከሆነ ቁጥሩንና ሰዓቱን ደረሰኙ ላይ ጽፋችሁ ተቀባዩን አስፈርሙ፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው ከቀለጠ የቀለጠው በእነሱ ፍሪዘር መሆኑ ይታወቃል።