ለቤት ስቱዲዮ ሞኒተር ስፒከር እንዴት ይመረጣል?

ቤቱ ውስጥ ዘፈን ወይም መዝሙር መቅዳት የጀመረ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ባለ 5 ኢንቹን ሞኒተር ልግዛ ወይስ ባለ 8ቱን?» ሞኒተር የተቀዳውን ሳያሳምር እንዳለ የሚያሰማ የስቱዲዮ ስፒከር ነው፤ ኢንቹ ደግሞ ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ክብ፣ የዉፈሩ ስፋት ነው። እኔም መልሼ «ክፍልህ ስንት በስንት ነው?» እለዋለሁ። እስካሁን ቶሎ የመለሰልኝ ሰው ትዝ አይለኝም። የክፍሉ ልክ ሳይታወቅ ስፒከር መምረጥ የባለቤቱን ቁመት ሳያዩ ሱሪ እንደ መስፋት ነው። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሜትር ያዙ።

ክፍሉን ለኩ

ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን ወረቀት ላይ አስፍሩ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። 340ን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ስታካፍሉት ክፍሉ ራሱ አጉልቶ የሚያስተጋባውን ወፍራም ድምፅ ታገኛላችሁ። 4 ሜትር ለሆነ ክፍል 42 ኸርዝ ገደማ (ኸርዝ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)፣ 3 ሜትር ለሆነ ደግሞ 57 ኸርዝ ይመጣል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ ላይ ነው። እንግዲህ 3 በ4 በሆነች ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ቤዙ አንዱ ኖታ ላይ ቤቱን ያናውጣል፣ ሌላው ኖታ ላይ ድራሹ ይጠፋል። ጥፋቱ የግድግዳው ነው። ትልቅ ስፒከር ብታስገቡበት ያንኑ ጥፋት ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ትሰሙታላችሁ።

ቤቱ የተሠራበት ነገርም ይወስናል። ኮንዶሚኒየም ከላይም ከታችም ኮንክሪት ስለሆነ ቤዙ መውጫ ያጣል። የድሮ ቤት የቺፕውድ ኮርኒስ ግን ስስ ነውና ከወፍራሙ ድምፅ የተወሰነውን ይውጣል፣ የተወሰነውንም ያሳልፋል። ለጎረቤት መጥፎ፣ ለሚክስ (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ለማዋሃድ) ጥሩ።

መጠኑን ወስኑ

የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ክፍላችሁ ከ12 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ባለ 5 ኢንች ግዙ። እስከ 20 ካሬ ድረስ ባለ 6 ተኩል ወይም ባለ 7 ይበቃል። ባለ 8ን ሰፊ ክፍል ላለው ሰው ተዉለት። መኝታ ቤት ውስጥ ባለ 8 የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው፤ ሚክሳቸው ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ቤዝ አልባ ሆኖ የሚገኘውም በዚሁ ነው። ክፍሉ ቤዙን ስለሚያጋንንባቸው እጃቸው ሳይታወቃቸው ይቀንሰዋል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ስታነቡ ተጠንቀቁ። ለምሳሌ ያማሃ ኤችኤስ5 እስከ 54 ኸርዝ፣ ኤችኤስ7 እስከ 43፣ ኤችኤስ8 እስከ 38 ይወርዳሉ ተብሎ ተጽፏል። ነገር ግን ይህ ድምፁ በ10 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) እስኪቀንስ ድረስ የተለካ ነው፤ ለጆሮ ግማሽ ያህል ሆኖ ይሰማል ማለት ነው። በ3 ዴሲቤል መለኪያ ሲታይ ያው ኤችኤስ5 74 ኸርዝ ላይ ይቆማል። ሁለት ስፒከሮች ስታወዳድሩ ሁለቱም በአንድ መለኪያ የተለኩ መሆናቸውን እዩ፤ አለዚያ ሜትርን በክንድ እያወዳደራችሁ ነው።

የምትቀዱት ምን እንደሆነም አስቡ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና የሰው ድምፅ ከሆነ ባለ 5 ኢንቹ አንዳች አያጎድልባችሁም። ቤዝ ጊታር፣ ቤዝ ክራርና ከበሮ የሚበዛበት ሥራ ከሆነ ግን የታችኛውን ክፍል በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ እያረጋገጡ መሥራት ያስፈልጋል። ሰብዉፈር (ቤዙን ብቻ የሚያወጣ ተጨማሪ ስፒከር) መጨመር ለትንሽ ክፍል አይመከርም፤ የቡፈር ፍቅር የያዘው ሰው እንደማይሰማኝ ግን አውቃለሁ።

ደስ የሚላችሁን ሳይሆን የሚያጋልጠውን ፈልጉ

ለማዳመጥ የተሠራ የቤት ስፒከር ቤዙንና ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያሽሞነሙናል። ሞኒተር ግን የገባውን እንዳለ እንዲያወጣ ነው የሚፈለገው። በዓለም ስቱዲዮዎች ውስጥ ስሙ የገነነው ነጭ ዉፈር ያለው ያማሃ ኤንኤስ10 በ1978 የወጣው ለቤት ማዳመጫ ተብሎ ነበር። ለቤት የወደደው ሰው ጥቂት ነበር፤ መካከለኛው ድምፅ ወደ ፊት ስለሚገፋ ጆሮ ያደክማል። ባለሙያዎቹ ግን የዘፋኙን ድምፅ ጉድለት ሁሉ አፍረጥርጦ ስለሚያሳያቸው ሚክሰራቸው ላይ ደረደሩት፤ በ2001 ምርቱ ከቆመ በኋላም ከብዙ ስቱዲዮ አልወጣም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ገና እንደተከፈተ «ወይኔ ሲያምር!» ያሰኛችሁን ስፒከር ትንሽ ተጠራጠሩት።

አሁን የሚሸጡት ሞኒተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም አምፕሊፋየራቸው ውስጣቸው ያለ ነው። የተሻሉት ለዉፈሩና ቀጭኑን ድምፅ ለምታወጣው ለትዊተሯ ለየብቻ አምፕሊፋየር አላቸው፤ የኤችኤስ5 70 ዋት 45 ለዉፈሩ፣ 25 ለትዊተሯ የተከፈለ ነው። ከአንድ ሜትር ርቀት ለሚሰማ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ስለሆነ ዋት እያሳደዳችሁ ገንዘብ አታውጡ። በነገራችን ላይ ብዙ ሞኒተር የሚሸጠው በነጠላ ነው። ዋጋው ሲነገራችሁ «የአንዱ ነው የሁለቱ?» ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ ውጭ ያለ ዘመድ እንዲገዛላችሁ ካዘዛችሁ ደጋግማችሁ ንገሩት።

ጀርባውን አንብቡ፦ ስንት ቮልት ነው?

ይህን ክፍል በገንዘቤ የተማርኩት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ስትመጣ አንድ ጥንድ ሞኒተር በልብስ ጠቅልላ በሻንጣ አመጣችልኝ። የገመዱ ጥርስ ጠፍጣፋ ስለነበር ከሰፈር ሱቅ አዳፕተር ገዝቼ አንዱን ሰካሁት። መብራቷ ቦግ አለች፣ ወዲያው «ቷ!» አለ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። የአክስቴ ልጅ የቡና ሲኒዋን እንደያዘች «እንዲህ ነው እንዴ የሚጀምረው?» አለችኝ። ጥገና ቤት ስወስደው ልጁ ፊውዙን ለወጠና ሞከረው፤ አዲሱም ተቃጠለ። ከዚያ ገለባበጠና ጥቁር የሆነውን ትራንስፎርመር አሳየኝ። ሁለተኛውን ሳልሰካው መቅረቴ ጠቀመኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። አሜሪካና ካናዳ ቤት የሚገባው መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የሱቁ አዳፕተር የሚቀይረው የጥርሱን ቅርፅ ብቻ ነው፤ ቮልቱ እንዳለ ይገባል። ከስፒከሩ ጀርባ፣ ገመዱ የሚሰካበት አጠገብ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «100–240» ካለ ምንም አትጨነቁ፤ ገመዱን ቀይራችሁ ስኩ። 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ ካለው ከመሰካታችሁ በፊት ወደ 230 አዙሩት፤ ፊውዙም አብሮ መቀየር ይኖርበት እንደሆነ መመሪያው ላይ እዩ። «120» ብቻ ካለ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር የግድ ነው፤ ትራንስፎርመሩም ከሁለቱ ስፒከሮች ድምር ዋት ሰፋ ያለ ይሁን። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከዱባይ የሚመጣው በአብዛኛው 230 አካባቢ ስለሆነ ጣጣው የሶኬቱ ቅርፅ ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሁለቱንም ስፒከሮች ማብሪያ አጥፉ። ሲመለስ ብልጭ ድርግም ማለቱ ለስፒከርም ለኮምፒውተርም ጠላት ነው። በአዘቦቱ ቀን መጀመሪያ ኮምፒውተሩንና ሳውንድ ካርዱን (ድምፅ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባውንና የሚያስወጣውን ሳጥን)፣ መጨረሻ ላይ ስፒከሮቹን አብሩ፤ ስትዘጉ ስፒከሮቹ ይቅደሙ። ያ ሲበራ የሚሰማው «ዱብ» የሚለው ድምፅ ትዊተሯን በጊዜ ብዛት ይጎዳታል።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ይሞከራል?

ሻጩ ሞቅ ያለ ዘፈን በብሉቱዝ ከፍቶ ድምፁን ከሰቀለው አመስግናችሁ አስቁሙት። የራሳችሁን ሦስት ዘፈኖች ባልተጨመቀ ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ አጥንታቸውን ሳይቀር የምታውቋቸው ይሁኑ። አንዱ የሰው ድምፅ ጎልቶ የሚሰማበት፣ አንዱ ቤዝና ከበሮ ያለበት፣ አንዱ በገና ቢሆን ጥሩ ነው። የበገና ክር ሲነካ ዋናውን ወፍራም ድምፅ ተከትሎ የሚመጣው ዝዝታ እስከ ቀጭኑ ድረስ ይዘረጋል። ደካማ ስፒከር ላይ ዝዝታው ከዋናው ድምፅ ተነጥሎ እንደ ንብ ለብቻው ይሰማል፤ ጥሩው ላይ ግን ሁለቱ አንድ መሣሪያ ይሆናሉ።

ሁለት ስፒከሮች ስታወዳድሩ ከፍታቸውን እኩል አድርጉ። ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ጆሮ የሚታለለው እንዲህ ነው። የስልክ የድምፅ መለኪያ አፕ ለዚህ ይበቃል። የዘፋኙ ድምፅ በሁለቱ መካከል፣ ባዶው አየር ላይ ቆሞ መሰማት አለበት። ወደ አንዱ ካዘነበለ ወይም ከተበታተነ ሁለቱ ስፒከሮች አይመሳሰሉም፣ አለዚያም የአንዱ ገመድ ተገልብጧል። ዘፈኑን ዘግታችሁ ጆሯችሁን ወደ ትዊተሯ አስጠጉ፤ ትንሽ «ሽሽ» ያለ ነው፣ ከአንድ ሜትር የሚሰማ ከሆነ ግን ተዉት። ያገለገለ ከሆነ የዉፈሩ ዙሪያ ላስቲክ ስንጥቅ እንዳለው በዓይን እዩ፤ ከስልክ ላይ ከ40 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ አሰሙትና የሚፋቅ ወይም የሚንጫጫ ነገር እንዳለ አድምጡ።

ገመዱ ቀላል ነው፦ ከሳውንድ ካርዱ ባላንስድ ከወጣ ባላንስድ ገመድ፣ ማለትም ድምፁን በሁለት ሽቦ አስተላልፎ ከውጭ የሚገባውን ጩኸት የሚከላከለውን ግዙ። ጫፉ ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለው ጃክ ወይም ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግሩ የማይክ ሶኬት) ያለው ማለት ነው። በተራ ገመድ የሚመጣው «ኡኡም» የሚል ጩኸት ብዙዎችን ስፒከር አስቀይሯል።

ከተገዛ በኋላ

ገንዘቡን ሁሉ ስፒከሩ ላይ አትጨርሱ፤ የተወሰነው ለክፍሉ ይተርፍ። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ በየሰፈሩ ስቱዲዮ የሚታይ ነገር ነው፤ ለቤዝ አንዳች አይሠራም፣ የሚነካካው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው፣ በዚያ ላይ ለእሳት ቅርብ ነው። ከዚያ ይልቅ ወፍራም የጥጥ ፍራሽ ጥግ ላይ አቁሙ፤ ሮክ ውል (ከድንጋይ የሚሠራ፣ እንደ ጥጥ ያለ ድምፅ መጣጭ) ካገኛችሁ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን በአቡጀዲ ሸፍኑ። ለጎን ግድግዳ የመስታወት ዘዴ አለ፦ ወንበራችሁ ላይ ተቀመጡ፣ ሌላ ሰው መስታወት ግድግዳውን እያስታከከ ይሂድ፣ ትዊተሯ መስታወቱ ውስጥ የታየችበት ቦታ ላይ ፍራሽ ወይም ወፍራም ጋቢ ስቀሉ።

ስፒከሮቹን አጭሩ ግድግዳ ላይ፣ ወደ ክፍሉ ርዝመት እንዲያዩ አድርጋችሁ አቁሙ። በእናንተና በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እኩል ሦስት ማዕዘን ይሁን፤ አንድ ሜትር ከሃያ ለትንሽ ክፍል ይስማማል። ሜትር ከሌላችሁ ሲባጎ ቆርጣችሁ ሦስቱንም ጎን በዚያው ለኩ። ትዊተሯ ከጆሯችሁ ትይዩ ትሁን። ወንበራችሁ መሃል ክፍል ላይ እንዳይሆን፤ 4 ሜትር ክፍል ውስጥ ከፊት ግድግዳ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ላይ ተቀመጡ፣ መሃሉ ላይ የመጀመሪያው ወፍራም ድምፅ ስለሚጠፋ። ግድግዳው ቅርብ ከሆነና ቤዙ ከበዛ ከጀርባ ያለውን «ሩም ኮንትሮል» የሚል ማብሪያ ወደ −2 ወይም −4 ዴሲቤል አውርዱ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ሚክስ አትሥሩ። ከልጅነት የምታውቋቸውን ካሴቶች፣ የምትወዷቸውን አልበሞች እየከፈቱ ማድመጥ ብቻ። እኔ አሁን ባሉኝ ስፒከሮች አምስተኛው ቀን ላይ ነው አንድ የድሮ ዘፈን ውስጥ አሥር ዓመት ሙሉ ሰምቼው የማላውቀውን የከበሮ ማጀቢያ ያገኘሁት፤ ወደ ግራ በኩል ፣ ከዋሽንቱ ሥር ነበር።