ካኖን 80ዲ፣ ኒኮን ዲ7200 ወይስ ዲ7500? ያገለገለ ካሜራ ለምትገዙ

ፎቶ የሚወዱ ልጆች አብዝተው የሚጠይቁኝ «የትኛው ነው ጥርት ያለ ፎቶ የሚያወጣው?» ብለው ነው። መካከለኛ ደረጃ ካሜራ ለሚመርጥ ሰው ይህ ጥያቄ ብዙ አያግዝም። ካኖን 80ዲ 24.2 ሜጋፒክሰል ነው። ኒኮን ዲ7200ም 24.2 ነው። ከእነሱ በታች የሚሸጡት ካኖን 800ዲ እና ኒኮን ዲ5600ም ያው 24.2 ናቸው። በጥሩ ብርሃን፣ በተመሳሳይ ሌንስ የተነሱ ፎቶዎቻቸውን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የትኛው ከየትኛው እንደወጣ ለመለየት ትቸገራላችሁ። ተጨማሪውን ብር የምትከፍሉት ካሜራው ፈጥኖ እንዲታዘዛችሁ ነው። ስለዚህ ስታወዳድሩ እጃችሁንና የምታነሱትን ነገር አስቡ።

መጀመሪያ መዘውሮቹን ተመልከቱ። 80ዲ፣ ዲ7200 እና ዲ7500 ሦስቱም ሁለት ሁለት መዘውር አላቸው፤ አንዱ ለአውራ ጣት፣ አንዱ ለጠቋሚ ጣት። በማኑዋል ስታነሱ በአንዱ የሹተር ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ)፣ በሌላው የሌንስ ቀዳዳ (ብርሃን የሚገባበትን ስፋት) ትቀይራላችሁ። ዲ5600 ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላውን ለመቀየር ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ሱቅ ውስጥ ቀላል ይመስላል። ጃንሜዳ ላይ፣ ታቦቱ እየመጣ፣ ሕዝቡ እየገፋችሁ ግን ያቺ አንድ ቁልፍ ፎቶውን ታስመልጣችኋለች።

ቪውፋይንደሩም (ዓይናችሁን አስጠግታችሁ የምታዩበት መስኮት) ይለያል። በእነዚህ ሦስቱ ውስጥ ያለው የመስታወት ፕሪዝም ነው፤ ብሩህ ነው፣ ፍሬሙንም መቶ በመቶ ያሳያል። ዲ5600 የሚያሳየው 95 በመቶውን ነው። ጠርዝ ላይ ያላያችሁት የሰው ክርን ፎቶው ውስጥ ገብቶ የምታገኙት ለዚህ ነው።

የሹተር ፍጥነትም አለ። ሦስቱም እስከ 1/8000 ሰከንድ ይሄዳሉ፤ ከበታቻቸው ያሉት 1/4000 ላይ ይቆማሉ። የአዲስ አበባን የቀትር ፀሐይ አስቡ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ፣ በኤፍ 16 (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ትክክለኛው ፍጥነት ወደ 1/100 ገደማ ነው። ከጀርባው ብዥ ያለ ፎቶ ፈልጋችሁ ሌንሱን እስከ ኤፍ 1.8 ብትከፍቱት ወደ 1/8000 መድረስ አለባችሁ። 1/4000 ላይ የሚቆመው ካሜራ ፎቶውን ያነጣባችኋል።

አሁን ወደ ልዩነታቸው እንግባ። እኔ የምሠራው በዲ7200 ነው። የእህቴ ልጅ ደግሞ 80ዲ ይዛ ሠርግ ታነሳለች። ካሜራ ስለምንዋዋስ ሁለቱንም በደንብ አውቃቸዋለሁ።

እኛ አገር ካሜራን በጣም የሚፈትነው ነጠላ ነው። ጠይም ፊት፣ ዙሪያውን ነጭ ነጠላ፣ ከላይ የሚያቃጥል ፀሐይ። ለፊቱ ብርሃን ከመጠናችሁ የነጠላው ጥለትና ሽመና ይጠፋል፤ የጠፋ ነጭ ደግሞ በኋላ አይመለስም። ስለዚህ እኔ በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አነሳለሁ፣ ብርሃኑን ለነጠላው እመጥናለሁ፣ ፊቱን በኋላ ኮምፒውተር ላይ አወጣዋለሁ። እዚህ ላይ ዲ7200 ይበልጣል። ጥላ ውስጥ የገባን ፊት ኮምፒውተር ላይ ብሩህ ስታደርጉት ንጹህ ሆኖ ይወጣል። 80ዲ ከቀድሞው 70ዲ በጣም ተሻሽሏል፤ ቢሆንም ብርሃኑን ብዙ ከገፋችሁት ጥቁሩ ቦታ ላይ ቅንጣት ይታያል። ዲ7500 20.9 ሜጋፒክሰል ነው፣ በዚህ በኩል ወደ ዲ7200 ይጠጋል። በሜጋፒክሰል ማነሱ አያስጨንቃችሁ፤ ትልቅ ፖስተር ለማተም ይበቃል።

ሌሊት ላይ ሌላ ፈተና አለ። በቅዳሴ ሰዓት ፍላሽ ማብራት ነውር ነው፣ ያላችሁ የጧፍ ብርሃን ብቻ ነው። ሦስቱም በመሃለኛው የፎከስ ነጥብ በጣም ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ይይዛሉ። ጠርዝ ላይ ባሉት ነጥቦች አትታገሉ። በመሃሉ ያዙ፣ ቁልፉን ሳትለቁ ፍሬሙን አስተካክሉ፣ ከዚያ አንሱ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ትልቁ የአይኤስኦ ቁጥር፣ የ80ዲ 16000 ይሁን የዲ7500 51200፣ አያማልላችሁ። እስከ 6400 ድረስ ሦስቱም ደህና ናቸው። ከዚያ በላይ የሚያድናችሁ ኤፍ 1.8 ሌንስ ነው።

ሕዝብ ውስጥ እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ ማንሳት ለምትወዱ 80ዲ ነው የሚስማማችሁ። ስክሪኑ ወደ ጎን ይከፈታል፣ ይዞራል፣ በጣት ይነካል። ስክሪኑን እያያችሁ ስታነሱም ፎከሱ ፈጣን ነው። ቪዲዮ ላይ ደግሞ ሁለቱ ኒኮኖች አይደርሱበትም፤ ፊት ሲንቀሳቀስ ቀስ ብሎ፣ ሳይወዛወዝ ይከተላል። ኒኮኖቹ በስክሪን ሲሠሩ ወደፊትና ወደኋላ እየፈለጉ ነው የሚይዙት። የእህቴ ልጅ አብረን ስንሠራ «አጎቴ፣ ቪዲዮውን ለኔ ተወው» ትለኛለች፣ እኔም እተወዋለሁ። ዲ7500 4ኬ (በጣም ጥርት ያለ ቪዲዮ) ይቀርጻል፤ ነገር ግን ምስሉን ከመሃል ቆርጦ ስለሚወስድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያስቸግራል።

ዲ7200 ስክሪኑ አይንቀሳቀስም፣ በጣትም አይነካም። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። የሚክሰው ሁለት የሜሞሪ ካርድ ቦታ ስላለው ነው። ሁለቱም ካርዶች ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ እንዲጽፍ ታዙታላችሁ። የሰው ሠርግ ተመልሶ አይነሳም፤ በገንዘብ የምትሠሩ ከሆነ ይህን አቅልላችሁ አትዩት። 80ዲ እና ዲ7500 አንድ አንድ ካርድ ብቻ ነው የሚወስዱት።

ወፍ፣ እግር ኳስ ወይም ሩጫ የምታነሱ ዲ7500ን አስቡ። በሰከንድ 8 ፎቶ ያነሳል፤ በሮው እንኳ ሳያቋርጥ እስከ 50 ይደርሳል። 80ዲ በሰከንድ 7 ነው፣ ዲ7200 ደግሞ 6።

ለመንገደኛ ባትሪ ትልቅ ነገር ነው። በአምራቾቹ ልኬት ዲ7200 በአንድ ቻርጅ 1110 ፎቶ፣ 80ዲ 960፣ ዲ7500 950 ያነሳሉ። ቀይ ቀበሮ ፍለጋ ባሌ ሳነቴ የምትወጡ ትርፍ ባትሪያችሁን ጃኬታችሁ ውስጥ፣ ከሰውነታችሁ አጠገብ ያዙት። ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል።

ከሁሉም በላይ ግን ሌንስ። ካሜራ ስትመርጡ የምትመርጡት የሌንስ ቤተሰብ ነው። በአካባቢያችሁ ሌንስ የሚያውሳችሁ ሰው ያለው ካኖን ከሆነ ካኖን ግዙ፤ ይህ ብቻውን ከላይ የዘረዘርኩትን ብዙውን ያሸንፋል። ካኖን ላይ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ርካሽና ድንቅ ነው፤ የ80ዲ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ እንደ 80 ሚሊሜትር ሆኖ ለፊት ፎቶ ይመቻል። ላሊበላ የምትሄዱ ሰፊ የሚያሳየውን 10-18 ሚሊሜትር ሌንስ ያዙ፤ በጠባቡ ግቢ ቆማችሁ ቤተ ክርስቲያኑን ሙሉ ታስገቡበታላችሁ። ኒኮን ላይ የ35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ከካሜራው የማይወርድ ሌንስ ነው።

ኒኮን ላይ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ዲ7200 እና ዲ7500 ቦዲያቸው ውስጥ የፎከስ ሞተር አላቸው። ስለዚህ በርካሽ የሚገኙትን የድሮ «ዲ» ሌንሶች፣ እንደ 50 ሚሊሜትር 1.8ዲ ያሉትን፣ በራሳቸው ፎከስ ያደርጋሉ። ዲ5600 አያደርግም። ከዚያም በፊት የነበሩ፣ በእጅ ብቻ የሚሠሩ አሮጌ ሌንሶች ካሏችሁ ዲ7200ን ምረጡ፤ ዲ7500 የቀዳዳውን መጠን የሚያነብበት ቀለበት ስለተወሰደበት ብርሃኑን አይለካላቸውም።

«ዘመኑ የሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ነው፣ ለምን አሮጌ እገዛለሁ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ነው፣ ከ2018 ወዲህ ሁለቱም ኩባንያዎች ፊታቸውን ወደዚያ አዙረዋል። ለዚህ ነው ዛሬ ጥሩ ዲኤስኤልአር (እንደነዚህ ሦስቱ መስታወት ያለው ካሜራ) በቅናሽ የሚገኘው። የካኖን ሌንሶቻችሁ ወደፊት በአዳፕተር አዲሱ ካሜራ ላይ እንደ ልብ ይሠራሉ። ኒኮን ላይ ግን አዳፕተሩ ሞተር የለውም፤ የድሮዎቹ «ዲ» ሌንሶች እዚያ በእጅ ብቻ ነው የሚሠሩት።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ሜሞሪ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ አንድ ፎቶ አንሱ። ኒኮን ስንት ጊዜ እንደተነሳበት ፎቶው ፋይል ውስጥ ስለሚጽፍ በፕሮግራም ታነቡታላችሁ። 80ዲ ላይ ካሜራውን በገመድ ከኮምፒውተር ማገናኘት ያስፈልጋል። የ80ዲ ሹተር የተፈተነው ለ100 ሺህ፣ የሁለቱ ኒኮኖች ለ150 ሺህ ነው። ያን ካለፈ ወዲያው ይሞታል ማለት ሳይሆን ዋጋው መውረድ አለበት ማለት ነው።

ቀጥሎ ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሱ፣ ፎከሱን አጥፉት። ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ቀጭን መስመር ከታየ ግን ሴንሰሩ ተጭሮ ሊሆን ስለሚችል ተዉት። ከዚያ ጋዜጣ አጋድማችሁ አስቀምጡና አንዱን መስመር በኤፍ 1.8 አንሱ። የጠራው ያነጣጠራችሁበት መስመር መሆን አለበት። ትንሽ ከሳተ ሦስቱም በሜኑ የሚስተካከል ነገር አላቸው፤ ብዙ ከሳተ አትግዙ። 80ዲ ከሆነ ስክሪኑን እያዞራችሁ ምስሉ እንዳይቆራረጥ ተመልከቱ። ሌንሱን በስልክ መብራት ከኋላ አብሩበት፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው። የፍላሽ መሰኪያው ተፋፍቆ ከሆነ ካሜራው ብዙ ሠርግ ሠርቷል። ባትሪውንም ሜኑ ውስጥ እዩት፤ ዲ7200 ዕድሜውን ከ0 እስከ 4 ያሳያል፣ 0 አዲስ ነው። 80ዲ ላይ ሦስት አረንጓዴ ምልክት ማለት ደህና ነው።

አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ የሹተሩን ቁጥር አስቀድማችሁ አስጠይቁት፤ የካሜራውንም ዋናውን ቻርጀር ይላክ በሉት። የሁለቱም ኩባንያዎች ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል እዚህ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ ሶኬቱን የሚቀይር ትንሽ አዳፕተር ይበቃዋል።