ፔሪዮዲክ ቴብልን ስናጠና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ተማሪ ፔሪዮዲክ ቴብልን፣ ማለትም የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ፣ የሚያጠናው በሽምደዳ ነው። ከሃይድሮጂን እስከ ካልሲየም ያሉትን ሃያ ንጥረ ነገሮች በቃሉ ይወጣቸዋል። «ሶዲየም ለምን እዚያ ቦታ ተቀመጠ?» ሲባል ግን ዝም ይላል። ይህ ያሳዝናል። ሰንጠረዡ እኮ ከሽምደዳ የሚገላግል ነው። የአንድን ንጥረ ነገር ቦታ ያወቀ ሰው ስለ ጠባዩ ብዙ መናገር ይችላል።

በክብደት የተደረደሩ መምሰሉ

ይህ ስህተት ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌዬቭ በ1869 ሰንጠረዡን ሲያወጣ መነሻው የአተሞች ክብደት ነበር። ግን አንድ ቦታ ላይ ክብደቱ አላስኬደው አለ። የቴሉሪየም ክብደት 127.6 ነው፤ የአዮዲን ደግሞ 126.9። በክብደት ከሄድን አዮዲን መቅደም ነበረበት። ያን ጊዜ ግን ከኦክስጅንና ከሰልፈር ዓምድ ይገባል። እንቅርትን ለመከላከል ጨው ላይ የሚጨመረው አዮዲን ደግሞ በጠባዩ የክሎሪን ዘመድ እንጂ የኦክስጅን አይደለም። ሜንዴሌዬቭ ለጠባዩ አደላና ቴሉሪየምን አስቀደመ። የቴሉሪየም ክብደት በትክክል አልተለካም ብሎ ነበር የሚያምነው።

ልኬቱ ግን ችግር አልነበረበትም። በ1913 እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ በኤክስሬይ መርምሮ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው በአተሙ አስኳል ያለው ፖዘቲቭ ቻርጅ፣ ማለትም የፕሮቶን ቁጥር መሆኑን አሳየ። ቴሉሪየም 52 ፕሮቶን አለው፣ አዮዲን 53። በቃ፣ ተፈታ። ሞዝሊ ከሁለት ዓመት በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋሊፖሊ ላይ ሲሞት ገና 27 ዓመቱ ነበር። በሳይንስ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ የሚያስቆጨኝ ሞት ጥቂት ነው።

ዘመድን ጎን ለጎን መፈለግ

ዘመዳሞች የሚገኙት ከላይ ወደ ታች ነው። ሊቲየም፣ ሶዲየምና ፖታሲየም በአንድ ዓምድ ናቸው፤ ሦስቱም ውሃ ሲነካቸው ሃይድሮጂን ጋዝ ይለቃሉ። ከሶዲየም ጋር በአንድ ረድፍ ያለው ክሎሪን ግን መርዛማ ጋዝ ነው። የረድፉ ቁጥር የሚነግረን አተሙ ስንት የኤሌክትሮን ሼል (ኤሌክትሮኖቹ በአስኳሉ ዙሪያ የሚገኙበት ንብርብር) እንዳለው ነው። ዓምዱ ደግሞ በመጨረሻው ሼል ስንት ኤሌክትሮን እንዳለ ይጠቁማል። እዚህ ላይ ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች፦ ግሩፕ (ዓምድ) 17 ማለት 17 የውጭ ኤሌክትሮን ማለት አይደለም። ከ13 እስከ 18 ላሉት ዓምዶች አሥር ቀንሱ። ስለዚህ ክሎሪን ሰባት አለው። ሂሊየም ብቻ ከዚህ ይወጣል፤ ያሉት ሁለት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ሼሉ በሁለት ስለሚሞላ ግን ግሩፕ 18 ገባ። ሃይድሮጂንም ከሊቲየም በላይ ስለተቀመጠ ብረታ ብረት ነው እንዳትሉ።

የፕሮቶን ቁጥሩ ሲጨምር አተሙም ይተልቃል ማለት

ወደ ታች ሲወረድ እውነት ነው፤ ሼል ይጨመራልና። ከግራ ወደ ቀኝ ሲኬድ ግን ተቃራኒው ነው። ሶዲየም 11 ፕሮቶን፣ ክሎሪን 17 አላቸው፤ ሁለቱም ሦስት ሼል ነው ያላቸው። የክሎሪን አስኳል ኤሌክትሮኖቹን ይበልጥ ስለሚስብ አተሙ ያንሳል። የምግብ ጨው ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሶዲየም አንዷን የውጭ ኤሌክትሮን ሲሰጥ ሦስተኛው ሼል ባዶ ስለሚቀር እሱ ትንሹ፣ ክሎሪን ትልቁ ይሆናሉ።

የታችኞቹን ሁለት ረድፎች ስምንተኛና ዘጠነኛ ብሎ መቁጠር

ረድፎቹ ሰባት ብቻ ናቸው። ከታች ተነጥለው የተቀመጡት ለወረቀት እንዲመች ነው። ጣታችሁን ባሪየም ላይ አድርጉ፤ 56 ነው። ቀጥሎ 57ን ፈልጉ፤ ወደ ታችኛው ረድፍ ትወርዳላችሁ። እስከ 71 ተቆጥሮ ሲያልቅ በ72 ሃፍኒየም ላይ ወደ ላይ ትመለሳላችሁ። ዩራኒየምም፣ 92ኛው፣ የሰባተኛው ረድፍ ነው። ሁሉም በቦታቸው ቢገቡ ሰንጠረዡ 32 ዓምድ ይኖረዋል። እንዲህ በሙሉ ስፋቱ የተሳለውን ካገኛችሁ አጠገባችሁ አድርጋችሁ አጥኑ፤ ከ1 እስከ 118 ያለምንም ዝላይ ይነበባል።