ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላላችሁ፦ 35 ሚሊሜትር ሌንስ ወይስ ሰፋ አድርጎ የሚያነሳው 28?

ሰፋ ያለ ፕራይም (ዙም የማያደርግ) ሌንስ ልትገዙ ያሰባችሁ ልጆች፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ያላችሁን ዙም 35 ላይ አድርጉና ቀለበቱን በፕላስተር አሽጋችሁ ሳምንት ሙሉ በሱ ብቻ አንሱ፣ ቀጥሎ 28 ላይ እንደዛው። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ቡና ሲፈላ ስታነሱ ግድግዳው ወደኋላ አላስኬድ ካላችሁ 28 ይገላግላችኋል፣ ግን ጠጋ ብላችሁ ስታነሱ ፍሬሙ ዳር ላይ ያለ ሰው ፊቱ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ሰው ለሚበዛበት ስራ እኔ 35 ነው የምለው።

ደግሞ በናታችሁ ኤፍ 1.4 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አትበሉ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል)! የሶኒው 35 ኤፍ 1.8 ክብደቱ 280 ግራም ነው፣ የ2021ዱ ሲግማ አርት 35 ኤፍ 1.4 ግን 640 ግራም ገደማ፣ ሰርግ ላይ ቀኑን ሙሉ አንገታችሁ ላይ ሲውል ታውቁታላችሁ፣ በብርሃን የሚበልጠው ግን አንድ ስቶፕ (የብርሃን እጥፍ) እንኳን አይሞላም።