በአጥቢያችን የሕሙማን ጠያቂ ቡድን ስናቋቁም የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ገጠር አጥቢያ፣ የታመመና ያዘነ የሚጠይቅ የምእመናን ቡድን ማቋቋም አይከብድም። ከቅዳሴ በኋላ ይነገራል፣ ፈቃደኛ ይመዘገባል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግን ስሙ መዝገብ ላይ ይቀርና ሰዉ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ቡድኑን የሚያፈርሰው የአሠራር ጉድለት ነው።

ያለውን ትቶ ከዜሮ መጀመር። ሰበካ ጉባኤ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በቃለ ዓዋዲ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያኗ የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ፣ የሚመራ፣ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ያቀፈ አካል ነው። ሰንበቴው አለ፣ የጽዋ ማኅበሩ አለ። ወሎ ላይ ደግሞ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የሚቀባበርበት ቅሬ አለ። ማን አልጋ እንደያዘ የቅሬ ሰዎች ቀድመው ያውቃሉ። ማኅተም ከማስቀረጻችሁ በፊት እነሱን ጠይቁ። ቅሬው የሚበረታው ለቀብር ነው፤ እናንተ የምትፈለጉት ከዚያ በፊት ነው።

በጅምላ መሄድ። ይኼኛው በጣም ያናድደኛል። አሥራ አምስት ሰው ዩኒፎርም ለብሶ አንዲት ክፍል ቤት ይገባል። አልጋ ላይ ያሉት እናት ነጠላቸውን እየፈለጉ ለመነሳት ይታገላሉ። ልጃቸው ስኒ ልትዋስ ጎረቤት ትሮጣለች፤ እንግዳን ያለ ቡና መሸኘት ነውር ነዋ። መዝሙር ይዘመራል፣ ሙዝና ጁስ ይቀመጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ማታ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ሴትዮዋ ፀጉራቸው እንኳ አልተሸፈነም! ጌታ ደቀ መዛሙርቱን የላካቸው ሁለት ሁለት አድርጎ ነው። ሁለት ሰው ይበቃል፤ ታማሚዋ ሴት ከሆነች ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን። አስቀድማችሁ ደውሉ። ቡና ሊቀርብ ሲል «አሁን ጠጥተን ነው የመጣነው» በሉ፤ እምቢ ካሏችሁ ራሳችሁ አፍሉት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተነሱ። ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ።

የንስሐ አባትን ቦታ መውሰድ። የታመመ ሰው ሆድ ሲብሰው ያላሰበውን ሁሉ ይናገራል። ነገሩ ወደ ኑዛዜ ሲያመራ «እማማ፣ ይኼንን ለንስሐ አባትዎ ቢነግሩ ይሻላል፤ እኔ ልጥራልዎት» ማለት ያስፈልጋል። ቀኖና መስጠት፣ ከጾም መፍታት፣ ቀንዲል መቀባት የካህን ነው። የእናንተ ድርሻ ካህኑን በጊዜ ማምጣት ነው፣ ነፍስ ልትወጣ ስትል ሳይሆን። የሰማችሁትን ደግሞ ስብሰባ ላይ «እንጸልይላቸው» ብሎ መዘርዘር ያው ሐሜት ነው። መዝገቡ ላይ ስም፣ ሰፈር፣ የተጠየቁበት ቀንና የሚያስፈልጋቸው ነገር ብቻ ይጻፍ።

መድኃኒት ማስጣል። ጸበል ይጠመቁ ማለት ያባት ነው። «ኪኒኑን ይተዉት» የማለት ሥልጣን ግን ማንም አልሰጠንም። የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቆራረጥ ተሕዋሲው መድኃኒቱን ይለምድና በሽታው ይብሳል። አቡነ ጳውሎስም በፓትርያርክነታቸው ዘመን ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ ተናግረው ነበር።

የቤቱን ሰው አለማወቅ። ወሎ ነው፤ አስታማሚዋ እህት ሙስሊም ልትሆን ትችላለች። እዚያ ስብከት አይጀመርም። ሥጋ ያለበት ምግብም ይዛችሁ አትሂዱ፤ ዳቦና ፍራፍሬ ሁሉንም ያስማማል። ስትወጡም ለእሷ ጭምር «አብሽሪ» በሉ።

ገንዘብ በግል ስልክ መሰብሰብ። በሰበካ ጉባኤው ሒሳብ፣ በደረሰኝ ይሁን። በዚህ ጉዳይ የተጣሉትን ቤት ይቁጠራቸው።

አርባው ሲወጣ መጥፋት። ቀብሩ ዕለት አገር ምድሩ ይመጣል፤ ሠልስቱም አይቀር። ከተዝካሩ በኋላ ግን ድንኳኑ ይነሳል፣ ወንበሩ ይመለሳል፣ ሰዉም አብሮ ይሄዳል። ባሏን ያጣች ሴት የልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ትዝ የሚላት ያኔ ነው። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ደግሞ ሬሳው ሳይገኝ የቀረ፣ ለቅሶ እንኳ በወጉ ያልተቀመጠ ቤት አለ። እንዲህ ያለ ቤት ተዝካሩን መቼ እንደሚያወጣ ራሱ ግራ ይገባዋል፤ እዚህ ላይ ካህኑን ይዞ ሄዶ ማማከር ያስፈልጋል። ለሐዘንተኛ ቤት ተራ ስታወጡ ከአርባው ማግስት ጀምሩ፤ በየሁለት ሳምንቱ፣ እስከ ሙት ዓመቱ፣ ቢቻል ያንኑ ሰው እየላካችሁ።