ለአዲስ ስፖርት መኪና መጀመሪያ ምን ይቀየር?

መኪናዋ እጃችሁ እንደገባች ማርሚታ ለማስቀየር አትሩጡ። ድምፅ ይጨምራል እንጂ ብቻውን ያን ያህል ጉልበት አይሰጥም።

መጀመሪያ ጎማ! አስፋልቱን የሚነካው እሱ ብቻ ነው። ስትገዙ ጎኑ ላይ DOT (ዶት) የሚለውን ፈልጉና የመጨረሻዎቹን 4 ቁጥሮች አንብቡ፤ 2324 ካለ በፈረንጆቹ 2024 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። አዲስ ተብሎ መጋዘን ውስጥ ዓመታት የከረመ ጎማ እንዳትገዙ።

ቀጥሎ ፍሬን። ከእንጦጦ ወደ ስድስት ኪሎ ስትወርዱ ፍሬኑ ይግላል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሲያረጅ ቶሎ ይፈላል፣ ያኔ ፔዳሉ ይላላና እግራችሁ ወለል ድረስ ይሄዳል። በጣም ያስፈራል። ስለዚህ ጥሩ የፍሬን ሸራ አስገቡ፣ ዘይቱንም በየ2 ዓመቱ ቀይሩ።

መኪናዋን ዝቅ ማድረግ? እኔ አልመክርም፤ የሰፈራችንን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ታውቋቸዋላችሁ፣ ሆዷን ይፍቁታል።

ሞተሩን በመጨረሻ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፣ ያንን የአየር ማጣሪያ በመቀየር አትመልሱትም። ተርቦ ካላት ጉልበት ለመጨመር የሞተሯን ሶፍትዌር ከማስነካታችሁ በፊት ዋስትናው እንዳይቀር ሻጩን ጠይቁ።