የናፖሊዮንን ሻለቃ ደሴ ላይ ማሰለፍ

የናፖሊዮን ዘመን ትንንሽ የአሻንጉሊት ወታደሮችን መሰብሰብ ስትጀምሩ ከየአገሩ ጦር ጥቂት ጥቂት አትግዙ። አንድ የፈረንሳይ እግረኛ ሻለቃ ጦር ምረጡና እርሱን ጨርሱ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1808 ወዲህ ሻለቃው ስድስት ሻምበል ነበረው፤ ለእያንዳንዱ አራት አራት ብትመድቡ 24 ወታደር ይበቃችኋል። ቀይ የትከሻ ዘርፍ ያላቸው ግሬናዲየሮች (ምርጥ እግረኞች) በቀኝ ጫፍ፣ ቮልቲዠሮች (ቀላል እግረኞች) በግራ ጫፍ ይቆማሉ፤ መካከሉ የፊውዚሊየሮች (የተራ እግረኞች) ነው።

የፕላስቲክ ወታደር በሳሙና ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠብ፤ የፋብሪካው ቅባት ካልለቀቀ ቀለም አይዝም። የሚረጨውን መነሻ ቀለም ግን የጦሳ ተራራ ጉም በለበሰበት ቀን አትንኩት! እኔ አንድ የክረምት ጠዋት በረንዳ ላይ ቸኩዬ ረጨሁና የ12 ወታደሮች ፊት እንደ አሸዋ ወረቀት ሻከረ። አሁን ፀሐይ እስክትወጣ እጠብቃለሁ።

ሰማያዊው ኮትና ነጩ ደረት ቀላል ናቸው። ደረት ላይ የሚያልፉትን ነጭ ቀበቶዎች ግን በቀጭኑ ብሩሽ፣ ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋችሁ፣ በአንድ ትንፋሽ ሳቡ። ወታደሩ ነፍስ የሚዘራው ያን ጊዜ ነው። ለመቆሚያው ከኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ዳር ያመጣሁትን አሸዋ በወንፊት ነፍቼ በነጭ ሙጫ እለጥፋለሁ።